እትዬ ደብሪቱ በሁለት ዓይን

ልጅ ሳለሁ ሁለት ሰዎች መሰላል ላይ ሆነው ሲነጋገሩ ሰምቻለሁ። የደብራችንን ግድግዳ እርጥበት በልቶት ሥዕሉ እየታደሰ ነበር፤ እኔና እናቴ ዝናብ ሸሽተን ደጃፉ ላይ ተጠልለናል። አንደኛው ሰውዬ «ይኼኛውን ለምን በአንድ ዓይን ሣልከው?» አለ። ሌላው ብሩሹን ሳያነሣ መለሰለት። መልሱ ግን ሁለት ሆኖ ነው የቀረልኝ። አንዳንድ ቀን «እሱ እኛን ማየት ስለማይፈልግ ነው» ያለ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ «እኛ እሱ እንዲያየን ስለማንፈልግ ነው» ያለ ይመስለኛል። ኋላ እናቴን ብጠይቃት «እኔ የሰማሁት ዝናቡን ነው» አለችኝ።

የተሣለው ይሁዳ ነበር። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ከዳተኛና ሰይጣን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይኼን ያስተማረኝ የለም። ሥዕልን የለመድኩት እያየሁ፣ ሰው ሲያወራም እየሰማሁ ነው።

ስሜ አስናቀ ነው። ደሴ ውስጥ፣ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ፖስተር እሠራለሁ። እኔ በሠራሁት ፖስተር ላይ ያለ ሰው ሁሉ በጎን ነው፤ በአንድ ዓይን። ሕጉ ነው።

ቆጠራው ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው የመጀመሪያው የቆጠራ ምሰሶ ጋ ሲደርስ ቀና ይላል። ነጠላ የተከናነበች ከግንባሯ ገለጥ ታደርጋለች፤ ጃንጥላ የያዘ ዘንበል ያደርጋል። ምሰሶው ብልጭ ይልለታል፤ ይሄዳል። ልጆች ይኼን «እንደምን አደራችሁ» ከማለት ቀድመው ይለምዱታል። አውቶቡስ በሩን የሚከፍተው፣ ዳቦ ቤት ዳቦ የሚያቀብለው፣ ክሊኒክ ተራ የሚሰጠው ለተቆጠረ ፊት ነው። ምሰሶው ሁለት ዓይን፣ አፍንጫና አፍ አንድ ላይ ካየ «ሰው አለ» ብሎ ይመዘግባል። የተሣለ ይሁን የተወለደ አይለይም። ለምን አይለይም ተብሎ ተጠይቆ ነበር፤ መልሱ በሂደት ላይ ነው። አንድ ፊት በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ከታየ «ተደራራቢ» ይባልና ባለቤቱ ነገሩ እስኪጣራ ይታገዳል።

ስለዚህ ፀጉር ቤቶች መስተዋታቸውን ከመንገድ አዙረዋል። የጠፋ ልጅ ማስታወቂያ በጎን ነው የሚወጣው፤ ፊት ለፊት ከወጣ ቆጠራው «ተገኝቷል» ብሎ ፍለጋውን ይዘጋዋል። አንድ ዓመት በንግሥ ቀን የመላእክት ሥዕል አደባባይ ሲወጣ፣ መታወቂያ የሌላቸው ስምንት ሰዎች ታዩ ተብሎ መኪና መጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥዕል በመንገድ ሲያልፍ በጨርቅ ይሸፈናል። ሰው ለምዶታል። እኔም ለምጃለሁ። እጄ ብቻ ነው ያልለመደው፤ አንዱን ዓይን ሥዬ ስጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። እመልሰዋለሁ።

ነዒማ እንድሪስ የመጣችው በነሐሴ ዝናብ ነው፤ ጫማዋን ደጅ አራግፋ ሳትጨርስ ማውራት ጀመረች። የፊልም ተማሪ ናት፣ የመጨረሻ ዓመት። የመመረቂያ አጭር ፊልሟን ጨርሳለች። ፊልሙ በሰባት ከተሞች ይታያል፤ ከመታየቱ በፊት ግን ፖስተሩ በየከተማው አውቶቡስ መናኸሪያ ስምንት ቀን መሰቀል አለበት። ያልተሰቀለ አይታይም፤ ያልታየ ዓመቱን ይደግማል። የፖስተሩ ፈቃድ ሐሙስ ይዘጋል።

«ጋሼ አስናቀ፣ ፊልሙን ላሳይዎት?»

«አሰሚኝ።»

«ምን?»

«ምስሉን አጥፊና ድምፁን አሰሚኝ።»

«ውይ ጋሼ! ለአንድ ጥላ ስል ሦስት ጠዋት ብርድ ላይ ቆሜ፣ እርስዎ ድምፁን?»

«ጥላሽን ካየሁት እሰርቅብሻለሁ።»

እውነቴን ነው። ፊልሙን ያየ ሰው ፖስተር ሲሠራ ካየው ላይ ነው የሚቆርጠው። የሰማ ግን የጎደለውን ይሥላል። በስመ አብ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ፊልሙ «አንድ ሰው» ይባላል። በውስጡ ያሉት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ እትዬ ደብሪቱ የሚባሉ የነዒማ ጎረቤት። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ድሮ፣ አውቶቡስ ሰው በሚጣራበት ዘመን፣ መናኸሪያ ቆመው ተሳፋሪ ይጠሩ ነበር። ነዒማ ዛሬ ወዳለው መናኸሪያ ወስዳቸዋለች። ዛሬ አውቶቡሱ ማን እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል፤ የሚጮህ የለም፤ የሚሰማው የጫማ ድምፅ ብቻ ነው። እሳቸው እዚያ መሀል ቆመው እንደ ድሮው ይጣራሉ። «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ማንም አይመጣም። አውቶቡሱ አንድ ወንበር ባዶውን ይዞ ይሄዳል። በቃ፣ ይኸው ነው። ነዒማ የጻፈችው ለሳቅ ነበር።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ከእያንዳንዱ «አንድ ሰው» በኋላ ዝም ይላሉ። ዝምታው ረዘመብኝ። የመናኸሪያ ጠሪ ዝም አይልም፤ ጥሪውን በጥሪ ላይ ነው የሚደርበው።

«እዚህ ጋ ዝም ይበሉ ያልሻቸው አንቺ ነሽ?»

«ኧረ እኔማ ቶሎ ቶሎ ይበሉ ብያቸው ነበር። ልቆርጠው ስል ደስ አለኝና ተውኩት።»

ሰው እንደዚያ ዝም የሚለው መልስ ሲጠብቅ ነው። ይኼን ለነዒማ አልነገርኳትም። ገና እርግጠኛ አልነበርኩም።

የመጀመሪያውን ሥዕል ሰኞ ይዘን ሄድን። የፊቱ ባለቤት በድምፃቸው ካልፈቀዱ ፈቃድ አይሰጥም። እትዬ ደብሪቱ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ምድር ቤት ባለች አንዲት ክፍል ነው የሚኖሩት። ቀጭን ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ከሳቸው ይተልቃል። ሥዕሉን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ወሰዱት።

«ይኼ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት፣ እትዬ» አለች ነዒማ።

«ይኼ ጆሮዬ ነው። እኔ የታለሁ?» ወደኔ ዞሩ። «ወንድሜ፣ አንገትህ ላይ ማተብ አያለሁ። ማተብ ያሰረ ሰው እንዴት ይሁዳ አድርጎ ይሥለኛል?»

«ሕጉ ነው፣ እትዬ። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚሣል።»

«እንግዲያ ከተማው ሁሉ ይሁዳ ሆኗላ! ኢየሱስ ሆኖ የቀረው ማነው?»

ነዒማ በሳቅ ፈረሰች። እሳቸው አልሳቁም። ሥዕሉን አጥፈው መለሱልኝ።

ማክሰኞ ከጀርባቸው ሣልኳቸው፤ ባዶው አውቶቡስ ከፊታቸው እየሄደ። እኔ ወድጄው ነበር።

«ጀርባዬን?» አሉ። «ለሰው ጀርባዬን ሰጥቼ? እንኳን ለሰው ለአውቶቡስ ጀርባ ሰጥቼ አላውቅም።»

«‹ጀርባ የለዎትም› እንላለና!» አለች ነዒማ።

«አንቺ ትያለሽ። መንገደኛው ሁሉ ይላል?»

ከሰዓት በኋላ ሌላ አመጣሁ። እጃቸውን አፋቸው ዘንድ አድርገው ሲጣሩ፣ መዳፋቸው ግማሽ ፊታቸውን ሸፍኖ። ሕጉን ያልፋል፤ ለካሁት። እትዬ ደብሪቱ ብዙ አላዩትም።

«ሰርቆ የተያዘ ነው ፊቱን እንዲህ የሚከልል። እኔ ምን ሰርቄ?»

ከዚህ በኋላ ነዒማ መሳቅ ተወች። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጥፍሯን ትነክስ ጀመር። «እንግዲህ ነገና ከነገ ወዲያ ነው የቀረን። ምን ነካቸው? ሲቀረጹ አንድ ቀን እንኳ አስቸግረውኝ አያውቁም» አለች። እኔም ገርሞኝ ነበር። ሰው ስለ ክብሩ ሲከራከር ድምፁ ከፍ ይላል። የእሳቸው ግን በእያንዳንዱ እምቢታ ዝቅ ይል ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። ብዕሩን አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ፤ በሩን እከፍታለሁ፣ ዝናቡን አያለሁ፣ እዘጋለሁ። በመጨረሻ ወደ ፈቃድ ቢሮው ሄድኩ። መንገድ ላይ አንዱን ምሰሶ ሁለት ጊዜ ቀና ብዬለታለሁ። አሳሰበኝ ማለት ነው።

መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ፍሬው ይባላል። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሁሉንም «አባቴ» ይላል።

«ፊት ለፊት የምትፈቅዱት ለማን ነው?» አልኩት።

«ለማንም አይፈቀድም፣ አባቴ።»

«ያስ?»

ከቢሮው ፊት ለፊት ካለው ግድግዳ ላይ አንድ ሽማግሌ በሁለቱም ዓይናቸው ያዩናል። የሐዘን ማስታወቂያ ነው። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» ተብሎበታል።

«እሳቸውማ አርፈዋል። ያረፈ አይቆጠርም። ምሰሶው አይቶ ያልፈዋል።» ትንሽ አሰበ። «አንድም ፈቅዶ የወጣ። መነኮሳት አስቸግረው ነበር እኮ፤ ‹ዓለምን ከተውን ምን ትቆጥሩናላችሁ› ብለው። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው መጥቶ በራሱ ድምፅ ‹ከቆጠራ ወጣሁ› ካለ እንዳረፈ ይመዘገባል።»

«ተመልሶ የገባ አለ?»

«የጠየቀ የለም። ከተጠየቀ በሂደት ይታያል።» ፈገግ አለ። «ሴትዮዎ ሁለት ዓይን ካላገኘሁ ካሉ ይሙቱና ይምጡ።»

ሊያስቀኝ ነው፤ ክፋት የለበትም። ስመለስ ግን ግድግዳውን ሁሉ እያየሁ ሄድኩ። የሳሙና ማስታወቂያዋ ልጅ ወደ ጎን ታያለች። ዘፋኙ ወደ ጎን ያያል። ክትባት የምትሰጠው ነርስ፣ ኳስ ተጫዋቹ፣ ሙሽሮቹ፣ ሁሉም ወደ ጎን። ሃያ ዓመት ሙሉ ከግድግዳ ላይ ሆነው ፊታችንን የሚያዩን የሞቱት ብቻ ናቸው። የዚህን ከተማ ፖስተር ግማሹን የሠራሁ ሰው ይኼን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

የሰማሁትን መደበቅ አላውቅበትም። እትዬ ደብሪቱ ቤት ገብቼ፣ ነዒማ ባለችበት፣ እንደ ወረደ ነገርኳቸው፤ የልጁንም ቀልድ ጭምር።

«ባለጌ!» አለች ነዒማ።

እትዬ ደብሪቱ ግን አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ደጅ ከጣራው የሚወርደው ውሃ ባልዲ ውስጥ ይንጠባጠባል።

«ፈቅዶ የወጣ ሰው» አሉ ቆይተው «ሰባቱም ከተማ ይሰቀላል?»

«ይሰቀል ይሆናል፤ ግን…»

«በሁለት ዓይኑ?»

«በሁለት።»

«ሰው ሲያየው ምን ይላል?»

«‹ነፍስ ይማር› ይላል። ‹ፊልም ሠርታ ሞተች› ይላል» አልኩ።

«እሱም እንደዚያ ይላላ» አሉ፤ ለራሳቸው።

«ማን?» አለች ነዒማ።

ያን ጊዜ ነው የነገሩን። ደምሰው የሚባል ልጅ አላቸው፤ አንድ ለእናቱ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተጣሉ። በምን እንደተጣሉ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። «ብሞት እንኳ ደጄን እንዳትረግጥ» ብለውታል። ሄደ። መልእክት ቢልኩ አይከፍትም። የቆጠራው ቢሮ ሄደው ቢጠይቁ «ልጅዎ በሕይወት አለ፤ ያለበት ቦታ የግሉ ነው» ተባሉ። በየዓመቱ ይሄዳሉ፤ በየዓመቱ ይኸው ነው መልሱ። ቆጠራው ያውቃል፤ ዛሬ ጠዋት እንኳ የት ምሰሶ ጋ ቀና እንዳለ ያውቃል።

«ፊልሙን የሠራሁልሽ ለዚህ ነው፣ ነዒማዬ። አንቺን አታለልኩሽ። በመናኸሪያ የማያልፍ ሰው የለም፤ አንድ ቀን ያየኛል ብዬ ነው። ታዲያ ጆሮ አይቶ እናቱን የሚያውቅ ልጅ አለ?»

«እንደዚያ ካሉማ…» አለች ነዒማ።

«ለመኖሬ አልመጣም። ለሞቴ ይመጣል።»

«ካልመጣስ፣ እትዬ? ደጄን አትርገጥ ብለውት የለም?»

«አንቺ ልጅ! ለእናቱ ለቅሶ ያልደረሰ የየት አገር ሰው ታውቂያለሽ? እንዲያውም ተጣልቶ የኖረው ነው ከሁሉ ቀድሞ ከድንኳኑ የሚደርሰው። እንደዚያ ያለ ቃል በለቅሶ ፊት አይቆምም።»

ነዒማ ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች፤ መልሳ ተቀመጠች። ፊቷ ደም ለብሷል። «አይሆንም። የኔ ፊልም ሰው አይገድልም። ዓመቱን እደግማለሁ፤ ምን አባቱ!»

«አንቺ ድገሚ። ሃያ ሁለት ዓመትሽ ነው። እኔ ምኑን ልድገም?»

«አውቶቡስ እኮ አይከፍትልዎትም! ክሊኒክ አያይዎትም! የገዛ በርዎ ፊትዎን አያውቀውም!»

«ክፍት እተወዋለሁ። የለቅሶ ቤት በር ይዘጋል እንዴ?»

ሁለቱ ሲከራከሩ እኔ አዳመጥኩ። ከዚያ ተነሣሁ። «እትዬ፣ እኔ የሐሰት መርዶ አልሥልም» አልኩ። «ያልሞተን ሞተ ብሎ ልጅን ማስለቀስ ደም ነው።» ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «እውነትህን ነው» አሉኝ። ያ ከቁጣ ባሰብኝ።

የዚያን ቀን ከሰዓት የት እንደዋልኩ በትክክል አላውቅም። መናኸሪያ ሄጄ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ ከቅጽሩ ውጭ ዛፉን ተደግፌ ቆምኩ። ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። ልጁን አምጣላቸው ልበል? በሐሰት አምጣላቸው ይባላል? ከፈተናው አውጣኝ እንዳልል ፈተናው የእሳቸው ነው፤ እኔ ብዕር ነኝ። አቡነ ዘበሰማያትን ደግሜ፣ መልስ ሳይመጣልኝ ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

የፊልሙን ድምፅ እንደገና ከፈትኩት። «ኮምቦልቻ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ከዚያ ያ ዝምታ። በዝምታው ውስጥ ትንፋሽ ይስባሉ፤ አሁን ነው የሰማሁት። ሰው ስሙ ሲጠራ «አቤት» ለማለት የሚስበው ዓይነት ትንፋሽ ነው። ማንም አልጠራቸውም።

ሳላስበው ሣልኩ። ፊት ለፊት። ቀኙ ዓይን እንደ ልማዱ መጣ። ግራው ላይ ስደርስ እጄ ወደዚያው ሄደ፤ እኔም አልመለስኩትም። ሃያ ዓመት ያልሣልኩት ዓይን ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ ከቀኙ ወጣት ሆኖ ወጣ። ላስተካክለው ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ከሥሩ የፊልሙን ስም፣ የነዒማን ስም፣ የተዋናይዋን ስምና የሚታይበትን ቀን ጻፍኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሥዬ ስጨርስ ግን መስጠቴን አልወሰንኩም ነበር። ራሴን «ለማሳየት ብቻ ነው» እያልኩ ሐሙስ ጠዋት ይዤው ወጣሁ።

የእትዬ ደብሪቱ በር ክፍት ነበር፤ ድንጋይ አስደግፈውበታል። የእሳቸውም የነዒማም ጫማ ጭቃ ነው። የነዒማ ዓይኖች ቀልተዋል።

«ከቆጠራው ወጥተዋል» አለችኝ። «በሌሊት ተነሥተው ቢሮው እስኪከፈት ቆመው ጠብቀዋል። ደርሼ ላስቀራቸው ስል ጨርሰው ሲወጡ አገኘኋቸው። አውቶቡሱ ለኔ ተከፈተ፤ ለሳቸው ዘጋ። በእግር ነው የመጣነው።»

«ምሰሶው ጋ ቀና አልኩለት» አሉ እትዬ ደብሪቱ፤ ነገሩ የገረማቸው ይመስላሉ። «ልማድ ነው። አየኝ፣ አየኝና ብልጭ ሳይል ቀረ። እንደ ዛፍ ቆጠረኝ።»

ተቀመጥኩ። እንግዲህ ሆኗል። አሁን አልሰጥም ብል በከንቱ እንዲሞቱ ነው የማደርጋቸው። ሥዕሉን ዘረጋሁት።

ወደ መስኮቱ አልወሰዱትም። ጉልበታቸው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይቺ ግራይቱ ወጣት ናት» አሉ።

«አልታረም አለችኝ።»

«ተዋት። እሱ ትቶ የሄደው እሷን ነው።» በጣታቸው ፊደሉን ተከተሉ። «ሞተች አላልክም።»

«አላልኩም። አልልምም።»

«አትበል። ሰው ራሱ ያነበዋል።»

ነዒማ «ፈቅጃለሁ» ሲሉ ድምፃቸውን ቀረጸችና ሰዓቷን አየች። ፈቃዱ የሚዘጋው ከቀትር በፊት ነው። ከእጃቸው ልትወስደው ስትል እጄን ጣልኩበት።

«አንድ ነገር አለኝ» አልኩ። «እርስዎ እንደሚሉት ሰው አይቶ መምጣቱ አይቀርም፤ ልጅዎ ብቻ ሳይሆን የመናኸሪያ ወዳጅ ሁሉ። የመጣ ሰው ከደጃፉ ሳያልፍ እውነቱ ይነገረው። ማንም ገብቶ አይቀመጥ። ማንም በሐሰት ደረቱን አይምታ። ይኼን የሚያደርግ ሰው ከሌለ ሥዕሉን ይዤው እመለሳለሁ።»

«ማን ያደርጋል?» አለች ነዒማ። «እኔ ሰባቱን ከተማ ልዞር ነው።»

«እኔማ ብወጣ» አሉ እትዬ ደብሪቱ «ያየኝ ሁሉ ደንግጦ እዚያው ይቀራል። ሬሳ ሆኜ ሬሳ ላብዛ?»

ሁለቱም እኔን አዩኝ። ነዒማ በትልልቅ ዓይኖቿ፣ እሳቸው በእነዚያ ስሥላቸው ባደርኩት። ስምንት ቀን ሙሉ ሱቄን ዘግቼ፣ በዝናብ፣ የማላውቀውን ሰው ስጠብቅ ታየኝ። ላይመጣም ይችላል። ይኼን ሦስታችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አላነሣነውም።

«ወንበር አውጡልኝ» አልኩ።

ነዒማ ሥዕሉን ነጥቃኝ እየሮጠች ወጣች። ጫማዋ ጭቃውን ሲረግጥ እስኪርቅ ድረስ ይሰማኝ ነበር። እትዬ ደብሪቱ ግን አልተነሡም። የሻሻቸውን ጫፍ በጣታቸው ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

«ሌላውን ሁሉ ቶሎ ንገረው» አሉ። «እሱን ግን ጥቂት አቆየው።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«በሩ ክፍት ነው። እኔ እዚህ ሆኜ እሰማለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ‹እናቴ› ሲል አልሰማሁትም፣ አስናቀ።»

«እትዬ፣ የሰው ልጅ ሲያለቅስ እንዴት ቆሜ አያለሁ? ነውርም ኃጢአትም ነው።»

«ኃጢአቱ የኔ ይሁን።»

«እንደዚያ አይካፈሉትም።»

«እንግዲያው ለኔ ብለህ ተሸከምልኝ» አሉ። ድምፃቸው እንደዚያ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም።

ወንበሩን ከጥግ አነሣሁ። ደጃፉ ላይ አስቀመጥኩት፤ አላማረኝም፤ ጣሪያው ወደሚከልልበት አዞርኩት። ተቀመጥኩ፣ ተነሣሁ። ከመንገዱ ማዶ ሰዎች እየመጡ ምሰሶው ጋ ቀና ይላሉ፣ ያልፋሉ።

«አንዴ» አልኩ፤ ፊቴን ወደ ውስጥ ሳልመልስ። «አንድ ጊዜ ‹እናቴ› ብሎ እስኪጣራ ዝም እላለሁ። ከዚያ ክንዱን ይዤ እነግረዋለሁ።»

«ሁለቴ።»

«አንዴ፣ እትዬ።»

ከውስጥ ትንፋሽ ሲስቡ ሰማሁ።

«እሺ» አሉ። «አንዴ።»